እስር ወይስ የሕክምና ችሎት? ልጁ አሜሪካ ውስጥ በዕፅ ለተያዘበት የጎንደር ቤተሰብ

ሐሙስ ማታ ነበር። አዘዞ፣ ጎረቤቴ ቤት ተቀምጠናል። ቡናው ቶና ላይ ደርሷል። ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ በስኳር ዕቃው አስደግፈውታል። አሜሪካ ያለው ልጃቸው በቪዲዮ ይታያል። ከስቷል። ዓይኑ ገባ ብሏል።

ታሪኩን ቀድመው ነግረውኝ ነበር። መጋዘን ውስጥ ዕቃ ሲያነሳ ወገቡ ተጎዳ። ሐኪም የሕመም ማስታገሻ አዘዘለት። የታዘዘው አለቀ፤ እሱ ግን ኪኒኑን መተው አቃተው። ከመንገድ መግዛት ጀመረ። አንድ ማታ ፖሊስ መኪናውን አስቁሞ ሲፈትሽ ኪኒኑን አገኘ።

"ጋሼ፣ ጠበቃዬ ሁለት ምርጫ አለህ አለኝ" አለኝ። "አንዱ ስድስት ወር እስር ነው። ሌላው አሥራ ስምንት ወር ድራግ ኮርት መመላለስ ነው። ሰኞ መልስ ይፈልጋሉ።"

እናቱ፣ እትዬ የምላቸው ጎረቤቴ፣ ጣልቃ ገቡ። "ታዲያ ስድስቱ አይሻልም? ቶሎ ያልቅለታላ!"

የእናት አንጀት ነው፤ አልፈርድባቸውም። ቀኑን ብቻ ለቆጠረ ሰው ስድስት ከአሥራ ስምንት ያንሳል። እኔ እዚህ ጎንደር በጥብቅና ነው የምተዳደረው። የአሜሪካ ጠበቃ አይደለሁም፤ ይህንንም ለልጁ ነገርኩት። ግን ይህ ጥያቄ ሲመጣብኝ የመጀመሪያው አይደለም። ጎንደር ውስጥ ውጭ አገር ዘመድ የሌለው ቤት ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ጥያቄው በመጣ ቁጥር አንብቤያለሁ፣ እዚያ የሚሠሩ ሰዎችንም ጠይቄያለሁ። ያንን ነው እዚህ የማሰፍረው። ማታ ስልክ ተደውሎለት "ምን ይሻለኛል?" ለሚባል ቤተሰብ ነው።

ድራግ ኮርት ሲባል

በአማርኛ የዕፅ ችሎት ልንለው እንችላለን። ሱስ ያለበትን ተከሳሽ ከማሰር ይልቅ በዳኛ ክትትል የሚያሳክም ችሎት ነው። የመጀመሪያው የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1989 ማያሚ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ነው። ጊዜው ክራክ የሚሉት ኮኬይን ከተማውን ያጥለቀለቀበት ነበር። እስር ቤቱ ሞላ። የተፈታው ሰው ብዙ ሳይቆይ በዚያው ክስ ተመልሶ ይመጣል። ዳኞቹ በየጊዜው የሚያዩት ያንኑ ፊት ሆነ። ሱሱ ሳይታከም ሰውየውን ብቻ ማሰሩ ለውጥ እንደማያመጣ ገባቸውና አዲስ መንገድ ሞከሩ። ዛሬ በመላ አሜሪካ እንዲህ ያሉ ችሎቶች በሺዎች ይቆጠራሉ።

አሠራሩ እኛ ከምናውቀው ችሎት ይለያል። ዳኛው፣ ዐቃቤ ሕጉ፣ ተከላካይ ጠበቃው፣ ከእስር ውጭ ያለውን ሰው የሚከታተለው የፕሮቤሽን ኦፊሰርና የሕክምና ባለሙያው አንድ ቡድን ናቸው። ችሎቱ ከመሰየሙ በፊት ስለ እያንዳንዱ ሰው ይመካከራሉ። ከዚያ ሰውየው ዳኛው ፊት ይቆማል። ዳኛው የሚያናግረው በጠበቃው በኩል አይደለም፤ ራሱን ነው። ሥራ አገኘህ? ረቡዕ ምክሩ ላይ ለምን አልተገኘህም? ልጅህ እንዴት ነች? መጀመሪያ አካባቢ ብዙውን ጊዜ በየሁለት ሳምንቱ ይቀርባል። እየጠነከረ ሲሄድ ቀጠሮው ይራራቃል። ጠቅላላው ከ12 እስከ 18 ወር ይፈጃል። ከዚያ በላይ የሚቆይም አለ።

በዚህ መሐል የሽንት ምርመራ አለ። በደንብ የሚሠራ ችሎት ቢያንስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ይመረምራል፤ ቀኑ ግን አስቀድሞ አይታወቅም። ብዙ ቦታ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ቀለም ይሰጡታል። ሁልጊዜ ጠዋት ወደ አንድ ስልክ ይደውላል። የተቀዳ ድምፅ የዕለቱን ቀለም ይናገራል። የእሱ ቀለም ከተጠራ ሥራም ይኑረው ምን፣ በዚያው ቀን ሄዶ ሽንት ይሰጣል። ሲሰጥም ሰው ቆሞ ያየዋል። ይህን ስናገር እትዬ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠጉ። ማሳፈሩ አልቀረም። ግን ሱስ ያለበት ሰው ራሱን እንኳ እንደሚዋሽ፣ ሱስ ያየ ቤተሰብ ያውቀዋል።

ጥሩ የሠራ ይመሰገናል። ችሎቱ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ያጨበጭብለታል፤ ዳኛውም ጭምር። የቀረ፣ የዋሸ፣ ምርመራው ላይ የተገኘበት ይቀጣል። ቅጣቱ ከማኅበረሰብ አገልግሎት ጀምሮ እስከ ጥቂት ቀን እስር ይደርሳል። አንድ ጊዜ ስላገረሸበት ብቻ ወዲያው አይባረርም። ሱስ እንደሚያገረሽ ስለሚያውቁ ሕክምናውን ያጠነክሩታል። እውነቱን ለተናገረ ይቀልላል፤ ደብቆ የተገኘ ነው የሚከፋበት።

ስድስት ወሩ እስርስ?

የእስሩ ጥሩ ጎን ግልጽ ነው። ቀኑ ይታወቃል። ሲወጣ ወጣ፤ በየሁለት ሳምንቱ ዳኛ ፊት መቆም የለም። አጭር እስር አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው ጄል በሚሉት የአካባቢው እስር ቤት ነው። ከአንድ ዓመት በላይ የተፈረደበት ነው በአብዛኛው ወደ ትልቁ፣ ወደ ፕሪዝን የሚሄደው።

መጥፎው ነገር የሚመጣው ሲወጣ ነው። ይህን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። ኪኒን ወይም ሄሮይን ለወራት ያልወሰደ ሰው ሰውነቱ የለመደውን ይረሳል። ልቡ ግን አይረሳም። በር ላይ ሲለቁት የድሮውን ያህል ይወስዳል። የድሮው መጠን አሁን ይገድለዋል። በዋሽንግተን ግዛት የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ጥናት ከእስር የተፈቱ ሰዎችን ተከታትሎ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የመሞት አደጋቸው ከሌላው ነዋሪ ከ12 እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ዕፅ በዝቶባቸው የመሞት አደጋቸው ደግሞ 129 እጥፍ ነበር። ያኔ ፌንታኒል፣ ከሄሮይን እጅግ የሚበረታው ሰው ሠራሽ ማደንዘዣ፣ ገና እንደዛሬው አልተስፋፋም። ዛሬ መንገድ ላይ የሚሸጠው ኪኒን በብዛት ፌንታኒል የተቀላቀለበት ነው። ለመግደል በጣም ትንሹ መጠን ይበቃዋል።

እትዬ ይህን ሲሰሙ ጀበናውን አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ ስለ ወራት ቁጥር አላነሱም።

የዕፅ ችሎቱ ሰውን ከሞት ያድናል ብዬ አልምልም። ውጤቱ ግን ተጠንቷል። እ.ኤ.አ. በ2012 የብዙ ጥናቶችን ውጤት በአንድ ላይ የመዘነ ሥራ ታትሞ ነበር። በተለመደው መንገድ ከተዳኙት 100 ሰዎች 50ዎቹ እንደገና ወንጀል ውስጥ ሲገቡ፣ በዕፅ ችሎት ካለፉት ግን 38 ያህሉ ናቸው ይላል። እኔ እንደ ጠበቃ ስመለከተው፣ ከመቶ 12 ሰው ማትረፍ ትልቅ ነገር ነው።

ችሎቱ የማይመከርለት ሰው

አንደኛ፣ ሱስ የሌለበት ሰው። አንድ ቀን ጓደኛው ኪሱ የከተተለት ልጅ አሥራ ስምንት ወር ሱሰኞች መሐል መመላለስ አያስፈልገውም። ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም። ለሱ ተራ ፕሮቤሽን ይበቃል፤ ኦፊሰር ጋ አልፎ አልፎ መቅረብ ማለት ነው።

ሁለተኛ፣ ክሱ የላላ ከሆነ። ፖሊስ መኪናውን ያለ በቂ ምክንያት ከፈተሸ ማስረጃው ሊወድቅ ይችላል። ድራግ ኮርት መግባት ግን ብዙውን ጊዜ ይህን ክርክር መተው ነው። ጠበቃው መጀመሪያ የፍተሻውን ነገር ይመርምር።

ሦስተኛ፣ ሊመላለስ የማይችል። መንጃ ፈቃዱ ከታገደና የሚኖረው አውቶቡስ በሌለበት ገጠር ከሆነ፣ ሳይጠጣ ሳይወስድ በመቅረት ብቻ ሊወድቅ ይችላል። የወደቀ ሰው የመጀመሪያውን ቅጣት ያገኛል። ወራት ለፍቶ ዞሮ እዚያው እስር። ጀምሮ የማይጨርሰው ደግሞ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ የሥራ ፈረቃው፣ መኪናው፣ ልጅ የሚይዝለት ሰው፣ ሁሉም ከመግባቱ በፊት ይታሰብ።

ስለ መድኃኒትም አንድ ነገር። ለኪኒንና ለሄሮይን ሱስ ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የሚባሉ መድኃኒቶች አሉ። ፍላጎቱን ያበርዱታል፤ ከሞትም ይጠብቃሉ። አንዳንድ ዳኞች "ሱስን በሱስ መተካት ነው" እያሉ ይከለክሉ ነበር። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት የሚወስድን ሰው በዚህ ምክንያት ማግለል የአካል ጉዳተኞችን መብት ሕግ እንደሚጥስ ገልጿል። ልጃችሁ እንዲህ ያለ ነገር ከገጠመው ዝም አይበል፤ ለጠበቃው ይናገር።

ከሁሉ በላይ ግሪን ካርዱ

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሐበሻ የሚጎዳው። የዜግነት ወረቀት ያለው ሰው ይህን ክፍል ሊዘለው ይችላል። ግሪን ካርድ ላይ ያለ፣ ጥገኝነት የጠየቀ፣ ወይም በሌላ ፈቃድ የሚኖር ግን ፊርማ ከማኖሩ በፊት ይህን ይወቅ።

ዕፅ ችሎት የሚገባበት በር ሁለት ነው። በአንዱ በር ሰውየው መጀመሪያ "ጥፋተኛ ነኝ" ይላል፤ ከዚያ ሕክምናውን ሲጨርስ ክሱ ይሰረዝለታል። በሌላው በር ጥፋተኛ ነኝ ሳይል ይገባል፤ ክሱ ተንጠልጥሎ ይቆያል፣ ሲጨርስ ይዘጋል። ለግዛቱ ፍርድ ቤት ሁለቱም መጨረሻቸው አንድ ነው። ለኢሚግሬሽን ግን የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ።

የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ የራሱ ሚዛን አለው። ሰውየው ጥፋተኛ ነኝ ካለ፣ ወይም ጥፋተኛ ለማለት የሚበቃ ነገር ካመነ፣ ዳኛውም ማንኛውንም ቅጣት ወይም ነጻነቱን የሚገድብ ግዴታ ከጣለበት፣ "ተፈርዶበታል" ይላል። በኋላ ሕክምናውን ጨርሶ ግዛቱ ክሱን ቢሰርዘው እንኳ ኢሚግሬሽን እንደተፈረደበት ሊቆጥረው ይችላል። የዕፅ ፍርድ ደግሞ ከአገር ያስባርራል። የታወቀው ልዩ ሁኔታ ለራስ መጠቀሚያ የተያዘ፣ ከ30 ግራም ያልበለጠ ማሪዋና፣ ያውም አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ማሪዋና በተፈቀደባቸው ግዛቶች መኖርም አያድንም፤ የሚታየው የፌዴራሉ ሕግ ነው።

የሆሴ ፓዲላን ነገር ላንሳ። ሆንዱራስ የተወለደ፣ አሜሪካ ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ በሕጋዊ ነዋሪነት የኖረ፣ በቬትናም ጦርነት ለአሜሪካ የዘመተ ሰው ነበር። ኬንታኪ ውስጥ በከባድ መኪናው ማሪዋና ጭኖ ተያዘ። ጠበቃው "ብዙ ዓመት ስለኖርክ ስለ ኢሚግሬሽን አትጨነቅ" አለው። እሱም ጥፋተኛ ነኝ አለ። ከዚያ መባረር መጣበት። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2010 የወንጀል ጠበቃ ዜጋ ያልሆነ ደንበኛውን ስለ መባረር አደጋ የመምከር ግዴታ አለበት ብሎ ወሰነ። ስለዚህ ልጃችሁ "ይህ ፊርማ ግሪን ካርዴን ይነካዋል ወይ?" ብሎ ሲጠይቅ ውለታ እየለመነ አይደለም። መብቱ ነው።

አንድ ነገር አትዘንጉ። የስድስት ወሩ እስርም የሚመጣው ጥፋተኛ ነኝ በማለት ነው። ስለዚህ ዜጋ ላልሆነ ሰው የቀረቡለት ሁለቱም ምርጫዎች መጥፎ ሊሆኑ ይችላሉ። ያኔ ጠበቃው ሦስተኛ ነገር ይጠይቅ። ወይ ጥፋተኛ ሳይል በሚገባበት በር እንዲያስገቡት፣ ወይ ክሱ ዕፅ ወደማይጠራ ሌላ ክስ እንዲቀየር። ይህን የወንጀል ጠበቃው ብቻውን አይወስነው፤ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አብሮ ይየው። ጊዜ ከጠበበ ቀጠሮ ማራዘም ይጠየቃል። አሜሪካም ቢሆን ቀጠሮ ይራዘማል።

አስተርጓሚ ደግሞ ልመና አይደለም። እንግሊዝኛ ለሚከብደው የወንጀል ተከሳሽ ፍርድ ቤቱ አስተርጓሚ ማቅረብ አለበት። "ገብቶኛል" ብሎ አንገት መነቅነቅ የእኛ ሰው ልማድ ነው። ፊርማ ላይ ግን አይሁን። የአጎት ልጅም አያስተርጉምለት።

"ወደ ጎንደር ይምጣልኝ"

እትዬ ይህንንም አሉ። "ይምጣና ጸበል ላስጠምቀው። እኔ እጠብቀዋለሁ።" ብዙ እናት ይለዋል። ልጁ ክስ ላይ እያለ ከወጣ ግን የመያዣ ትእዛዝ ይወጣበታል። ክሱ አይሞትም፤ እዚያው ይጠብቀዋል። ተመልሶ ሲገባ አየር ማረፊያ ላይ ሊያዝ ይችላል፤ ከነጭራሹም ላይገባ ይችላል። ነገሩ ካለቀ በኋላም ግሪን ካርድ ያለው ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃውን ይጠይቅ።

ጸበሉን አልነቅፍም። እኔም እጠመቃለሁ። ግን አሜሪካም ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ጸበልም አለ። መድኃኒቱን ሳይጥል ቢጠመቅ የሚከለክለው የለም።

ጉዳዩ እዚሁ ጎንደር ከሆነስ?

እኛ አገር እንዲህ ያለ ችሎት የለም። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ግን ዳኛው ቅጣትን ሊገድብ፣ ማለትም ሰውየው ሳይታሰር በጸባዩ እንዲፈተን ሊያደርግ ይችላል። የፈተናው ጊዜ ከ2 እስከ 5 ዓመት ነው። ከገደቡ ጋር የጸባይ ግዴታ ማስቀመጥም ይቻላል። ስለዚህ ጠበቃ ያለው ሰው የሐኪም ማስረጃ አያይዞ "ሕክምናውን እየተከታተለ ይገደብለት" ብሎ መጠየቅ ይችላል። ይህ የሚሠራው ለቀላል ጥፋት ነው። ዕፅ ማዘዋወርና መሸጥ ሌላ ነገር ነው፤ ቅጣቱ ከባድ ነው።

እዚህ አብዛኛውን ቤት የሚያፈርሰው ደግሞ አረቄ ነው። አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ የጠጣ ሰው ድንገት ሲቋረጥበት ሊሞት ይችላል። በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት ይጥለዋል። ይህ ክፉ መንፈስ አይደለም። ጣቢያ ውስጥም ይሁን ጸበል ቦታ እንዲህ ሲሆን ካያችሁ ቶሎ ሐኪም ቤት ይወሰድ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ሰው የታሰረበት ቤተሰብ ለፖሊሱ "በየቀኑ የሚጠጣ ነው" ብሎ ቢናገር ነውር የለበትም።

ከዚህ ሆነን የምንረዳው

ጫት አትላኩ። ከልቤ ነው የምለው። እዚህ በየመንገዱ ይሸጣል። አሜሪካ ግን ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ፣ በከባዱ ዝርዝር ውስጥ ነው ያለው። በመንገደኛ ሻንጣ ከበርበሬና ከሽሮ ጋር የሚላክ የደረቀ ጫት ልጁንም መንገደኛውንም ያሳስራል።

መጠጥም እንደዚያው። የዕፅ ችሎት አልኮልም ይከለክላል። ሽንት ላይ የሚታይ ምርመራ አለ፤ የተጠጣውን ከቀናት በኋላ ያሳያል። ለፋሲካ ሰው ቤት ተጠርቶ "አንድ ብርሌ ጠጅ ምን ያደርገዋል" የሚሉት ዘመዶች እንዲያውቁ ንገሯቸው።

ገንዘብ ላኩልኝ ብሎ ከዚህ የሚጠይቅ ከሆነም በእጁ አትስጡት። የቤት ኪራዩን ወይም የጠበቃውን እዚያ ያለ የምታምኑት ሰው በቀጥታ ይክፈል። አብሮት የሚኖር ሰው ካለ ደግሞ ናሎክሰን ቤት ውስጥ ያስቀምጥ። በአፍንጫ የሚረጭ ነው። ዕፅ የበዛበትን ሰው ትንፋሽ ይመልሳል። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል።

ያን ማታ እትዬ የመብራት ቢል አምጥተው ጀርባው ላይ ጻፉ። እኔ እያልኩ እሳቸው ሲጽፉ። መግቢያው ጥፋተኛ ነኝ ብሎ ነው ወይስ ሳይል? ግሪን ካርዴን ይነካል ወይ? ብወድቅ የሚጠብቀኝ ስንት ነው? የቆየሁበት ጊዜ ይታሰብልኛል? መድኃኒቱን ይፈቅዳሉ? ሕክምናውን ማን ይከፍላል? አስተርጓሚ አለ? ፎቶ አንስተን በቴሌግራም ላክንለት። ሰኞ ጠበቃው ዘንድ ይዞት ገባ። ጠበቃው የኢሚግሬሽኑን ነገር ሲያነብ ሁለት ሳምንት አስጨመረ። በመጨረሻ ዐቃቤ ሕጉ ልጁ ጥፋተኛ ሳይል እንዲገባ ተስማማ።

አሁን ሦስተኛ ወሩ ነው። ችሎቱ ማክሰኞ ጠዋት ነው፤ በእኛ ከቀኑ 10 ሰዓት። እትዬ በዚያ ሰዓት አይደውሉም። ቀለሙ የሚጠራው ደግሞ እዚያ ሲነጋ፣ እዚህ ምሳ ሰዓት ላይ ነው። የተሰጠው ቀለም ቡኒ ነው። እጃቸውን ሳይታጠቡ፣ ሽሮው ጣታቸው ላይ እንዳለ ስልኩን ያነሳሉ።

"የኔ ጌታ፣ ዛሬ ቡኒ ወጣ ወይ?"